የታተመ የጥናት ጽሑፍን ለሁሉም ክፍት ማድረግ፦ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የእምቦጭ አረም በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ ከተነገረበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስለ ሐይቁ ውኃ፣ ስለ ዓሣውና ስለ ዳርቻው ገበሬ ብዙ ጥናት ተጽፏል። ናሙናው የሚቀዳው ከጎርጎራና ከፎገራ ዳርቻ ነው፤ ጀልባውን የሚነዳውም፣ አረሙ በየትኛው ወር እንደሚሰፋ ለተመራማሪው የሚነግረውም የአካባቢው ሰው ነው። ጽሑፉ በውጭ አገር መጽሔት ከወጣ በኋላ ግን በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያለ ባለሙያ ሊያነበው ሲሞክር ሠላሳና አርባ ዶላር ክፈል የሚል ገጽ ይገጥመዋል። ዶላሩ የለውም፤ ስለዚህ ገጹን ዘግቶ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ስለ ገዛ ወረዳው የተጠናውም ጥናት ሳይደርሰው ይቀራል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው የተመራማሪዎችን ጽሑፍ እየተቀበልኩ ሪፖዚተሪ በሚባለው ዲጂታል ማከማቻ ውስጥ በማስገባት ሥራ ላይ ከቆየሁ በኋላ ነው። በሥራው ላይ እያለሁ ደጋግሜ የሰማሁት ምክንያት «ክፍት ለማድረግ ገንዘብ የለኝም» የሚል ነው። ነገሩን ቀርቤ ሳየው ግን ከገንዘብ ይልቅ ሥራውን የሚያስቆሙት ሁለት የጠፉ ነገሮች ሆነው አግኝቻቸዋለሁ፤ አንደኛው በአርታኢው ተቀባይነት ያገኘው የመጨረሻ ረቂቅ ፋይል ነው፤ ሁለተኛው ደራሲው ከአሳታሚው ጋር የፈረመው የውል ቅጂ ነው። እነዚህን ሁለቱን የያዘ ሰው ከግማሽ በላይ መንገዱን ሄዷል፤ ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች በአብዛኛው የሚሽከረከሩትም በእነርሱ ዙሪያ ነው።

ከመጀመር በፊት፦ ክፍት ማለት ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2002 በቡዳፔስት ይፋ የሆነው መግለጫ ክፍት ተደራሽነትን ሲተረጉም ማንም ሰው ጽሑፉን ያለ ክፍያ ማንበብ፣ ማውረድ፣ መቅዳት፣ ማሰራጨትና ማተም እንዲችል ማድረግ ነው ይላል፤ ለደራሲው የሚቀረው መብት ሥራው እንዳይዛባና ስሙ በተገቢው መንገድ እንዲጠቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጡት የቤተስዳና የበርሊን መግለጫዎችም ይህንኑ ሐሳብ አጽንተውታል። ስለዚህ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ የተለጠፈ ፒዲኤፍ ሰው ቢያነበውም ክፍት ተደራሽነት አይባልም፤ ቋሚ አድራሻ የለውም፣ በምን ፈቃድ እንደተለቀቀ አይታወቅም፣ ቡድኑ ሲዘጋም አብሮ ይጠፋል።

መንገዶቹን ባለሙያዎች በቀለም ይጠሯቸዋል። ወርቃማው መንገድ ጽሑፉ በታተመበት ዕለት በመጽሔቱ ገጽ ላይ ለሁሉም የሚከፈትበት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ደራሲው ወይም ተቋሙ የሕትመት ክፍያ ይከፍላል። ኔቸር የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2020 ያስታወቀው ክፍያ 9,500 ዩሮ መሆኑን ላየ የእኛ አገር ደመወዝተኛ ይህ መንገድ የማይታሰብ ይመስላል። አልማዛዊው መንገድ ከደራሲውም ከአንባቢውም ክፍያ የማይጠየቅበት፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም የሙያ ማኅበር ወጪውን የሚሸፍንበት ነው። አረንጓዴው መንገድ ደግሞ ጽሑፉ በየትኛውም መጽሔት ቢታተም ደራሲው የራሱን ረቂቅ ቅጂ በተቋሙ ማከማቻ ውስጥ የሚያስቀምጥበት ነው። ይህ መመሪያ በዋናነት የሚያተኩረው በአረንጓዴው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ምንም ክፍያ የለውም፣ ቀደም ሲል ለታተሙ ጽሑፎችም ይሠራል፣ እኛም ዘንድ ከሁሉም ይበልጥ የተዘነጋው እርሱ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ መጽሔቱን ሲመርጡ

ጽሑፉን ከመላክዎ በፊት መጽሔቱ በክፍት መጽሔቶች ማውጫ፣ በምሕጻሩ ዶአጅ በሚባለው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ይመልከቱ። ማውጫው እ.ኤ.አ. በ2003 በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን መጽሔቱ ክፍያ የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑን፣ ጽሑፎቹን በምን ፈቃድ እንደሚለቅና የግምገማ ሥርዓቱን በአንድ ገጽ ያሳያል። የአፍሪካን መጽሔቶች ለማግኘት እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረውና ዛሬ መቀመጫው በደቡብ አፍሪካ የሆነው አጆል የተባለ ድረ ገጽ ይጠቅማል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ መጽሔትም በዚያ ይገኛል።

ገንዘብ ለመሰብሰብ ብቻ የተቋቋሙ አጭበርባሪ መጽሔቶች ብዙ መሆናቸውን ማንም ተመራማሪ ከኢሜይሉ ያውቀዋል። ያልላኩትን ጽሑፍ «እጅግ የተከበረ ሥራዎ» እያለ የሚያሞግስ፣ የአቻ ግምገማውን በሦስት ቀን እጨርሳለሁ የሚል፣ የክፍያውን መጠን ጽሑፉን ከተቀበለ በኋላ ብቻ የሚገልጽ መጽሔት ሲገጥምዎ ይተዉት። በአርታኢዎቹ ቦርድ ውስጥ ከተዘረዘሩት ሰዎች ለሁለቱ ኢሜይል ጽፎ በእርግጥ አባል መሆናቸውን መጠየቅም ነውር የለውም።

ክፍያ የሚጠይቅ ጥሩ መጽሔት ከመረጡ ኢትዮጵያ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው መርሐ ግብር ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ምድብ ውስጥ ስላለች ብዙ አሳታሚዎች ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ያነሣሉ። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ግን ጽሑፉን በሚልኩበት ጊዜ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘና የክፍያ ደረሰኝ ከወጣ በኋላ የሚቀርብ ልመና ብዙውን ጊዜ መልስ አያገኝም። በተጨማሪም ከክፍያ ነጻ ማድረጉ በጠቅላላ የሚሠራው ሙሉ በሙሉ ክፍት ለሆኑ መጽሔቶች ነው፤ ግማሹ በደንበኝነት፣ ግማሹ በክፍያ በሚሠሩት ድብልቅ መጽሔቶች ላይ ይህ ዕድል በአብዛኛው የለም። በእነዚህ ላይ ሳይከፍሉ አትመው ረቂቁን በአረንጓዴው መንገድ ማስቀመጥ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ከመፈረም በፊት

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚደነግገው ሥራውን የፈጠረው ደራሲ የኢኮኖሚ መብትም የሞራል መብትም አለው። በስሙ የመታወቅ መብቱ የሞራል መብቱ ነው፤ የማባዛትና የማሰራጨት መብቱ ግን በውል ለሌላ ሊተላለፍ የሚችል የኢኮኖሚ መብት ነው። ጽሑፉ ተቀባይነት ባገኘበት ሳምንት ከአሳታሚው የሚላከው ቅጽ የሚያስተላልፈው ይህንኑ ነው፤ በደስታ ሰዓት የሚመጣ ቅጽ ስለሆነ ሳይነበብ የሚፈረም የለም ማለት አይቻልም።

ቅጹን ሲያነቡ ሁለት ነገር ይፈልጉ። መብቱን ሙሉ በሙሉ ያስተላልፋል ወይስ የማሳተም ፈቃድ ብቻ ይሰጣል? ተቀባይነት ያገኘውን ረቂቅ በተቋም ማከማቻ ውስጥ ማስቀመጥ ይፈቅዳል? ሁለተኛው ካልተፈቀደ ለአርታኢው አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፤ ጥናቱ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ መሆኑን፣ ተቋምዎ ቅጂ እንዲቀመጥ የሚጠይቅ መሆኑንና የአሳታሚውን ገጽ ሳይሆን የራስዎን ረቂቅ እንደሚያስቀምጡ ይግለጹ። የፈረሙትን ቅጽ ደግሞ በፒዲኤፍ ከጽሑፉ ፋይል ጋር በአንድ ማህደር ያኑሩት። ከአምስት ዓመት በኋላ «ምን ፈርሜ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ደራሲ መልሱን ከአሳታሚው ለማግኘት ሳምንታት ይፈጅበታል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ሦስቱን ቅጂዎች ለይቶ መያዝ

ከሁሉም በላይ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ ቆም ብዬ ላስረዳ። አንድ ጽሑፍ ሦስት መልክ አለው። የመጀመሪያው ለመጽሔቱ የተላከው፣ ገና ያልተገመገመው ቅጂ ነው፤ ፕሪፕሪንት የሚባለው ይኸው ነው። ሁለተኛው ገምጋሚዎቹ ያሉት ሁሉ ከተስተካከለና አርታኢው «ተቀብለነዋል» ካለ በኋላ ያለው፣ ነገር ግን የመጽሔቱ ዓምድ፣ ዓርማና የገጽ ቁጥር ያልገባበት የራስዎ የወርድ ፋይል ነው። ሦስተኛው አሳታሚው አሳምሮ ያወጣው የመጨረሻ ቅጂ ነው።

ክፍያ በማይጠየቅበት አረንጓዴ መንገድ አብዛኞቹ አሳታሚዎች እንዲቀመጥ የሚፈቅዱት ሁለተኛውን ነው። ይዘቱ ከሦስተኛው ጋር በመሠረቱ አንድ ነው፤ የሚለየው መልኩ ነው። ነገር ግን ደራሲ ሁሉ አምጣ ሲባል የሚያመጣው ያንን ያማረውን ሦስተኛ ቅጂ ነው፤ ሁለተኛው የት እንዳለ ሲጠየቅ የቆየ ላፕቶፕ፣ የጠፋ ፍላሽ ወይም ለማስተማር ሄዶ ያልተመለሰ ተባባሪ ደራሲ ይጠቀሳል። አንድ ጊዜ ስለ ጣና ዓሣ የተጻፉ አራት ጽሑፎችን ለማስገባት ሞክሬ ሁለተኛው ቅጂ የተገኘው የአንዱ ብቻ ነበር፤ ሦስቱ እስከ ዛሬ እንደተዘጉ ናቸው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የተቀባይነት ደብዳቤው በደረሰበት ቀን የመጨረሻውን የወርድ ፋይል ይክፈቱ፤ የአርትዖት ምልክቶቹንና በጎን የተጻፉትን አስተያየቶች ያጽዱ፤ ሠንጠረዦቹና ሥዕሎቹ በቦታቸው መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ በፒዲኤፍም ያስቀምጡት። የፋይሉን ስም «የመጨረሻ፣ የመጨረሻ ሁለት፣ እውነተኛው የመጨረሻ» ከማለት ይልቅ በርዕሱ አጭር ስም፣ በዓመቱና «ተቀባይነት ያገኘ» በሚል ቃል ይሰይሙት። ለራስዎም ኢሜይል ይላኩት። ፋይሉ ጠፍቶ ከሆነ ለመጽሔቱ የላኩት የመጨረሻ የተስተካከለ ቅጂ ጽሑፉን በላኩበት የመጽሔቱ ድረ ገጽ መለያዎ ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል እዚያ ይፈልጉ፤ ከተባባሪ ደራሲዎቹም አንዱ አባሪ አድርጎ የላከው ይኖራል።

አራተኛ ደረጃ፦ የአሳታሚውን ደንብና የእገዳ ጊዜውን ማወቅ

የየመጽሔቱን ደንብ በመጽሔቱ ስም ለመፈለግ ለረጅም ጊዜ ሼርፓ ሮሜዮ በመባል የታወቀውን የመረጃ ቋት ይጠቀሙ። የትኛው ቅጂ፣ የት፣ ከስንት ወር በኋላ ሊቀመጥ እንደሚችል ይነግርዎታል። ስፕሪንገር በደንበኝነት ለሚነበቡ መጽሔቶቹ በጠቅላላ 12 ወር ያስጠብቃል፤ ኤልዝቪየር እንደ መጽሔቱ ዓይነት በአብዛኛው ከ12 እስከ 24 ወር ይደርሳል፤ ኤመራልድ ግን ሳያስጠብቅ ይፈቅዳል። የእገዳ ጊዜ አለ ማለት ጊዜው እስኪያልፍ ፋይሉን በቤትዎ ያቆዩ ማለት አይደለም፤ ዛሬውኑ አስገብተው ማከማቻው በተወሰነው ቀን ራሱ እንዲከፍተው ማድረግ ይቻላል። እስከዚያው ርዕሱና አጭር ማጠቃለያው ለሁሉም ይታያሉ።

አምስተኛ ደረጃ፦ ፋይሉን ለሕዝብ ዓይን ማዘጋጀት

በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽሑፉ የታተመበትን መጽሔት፣ ዓመት፣ ቅጽና ዲኦአይ የሚባለውን ቋሚ መለያ ጽፈው ይህ ተቀባይነት ያገኘው ረቂቅ መሆኑን ይግለጹ፤ አንባቢው የትኛውን መጥቀስ እንዳለበት ያውቃል።

ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ የፊደሉ ጉዳይ ብርቱ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዩኒኮድን ባልተከተሉት እንደ ቀድሞው ፓወር ግዕዝ ባሉ ፎንቶች የተጻፈ ሥራ በወረቀት ሲታተም ያማረ ቢሆንም በኮምፒውተር ሲፈለግ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ነው። እንዲህ ያሉ የቆዩ የመመረቂያ ጽሑፎችን ከማስገባትዎ በፊት ወደ ዩኒኮድ ይቀይሯቸው። ወረቀቱ ብቻ ካለ ስካን አድርገው ቴሰራክት በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ማንበብ ይቻላል፤ አማርኛን ያውቃል፤ ስህተቱ ግን በዓይን መታረም አለበት።

ፎቶግራፍና ካርታ የሌላ ሰው ሥራ ከሆኑ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። በጣና ደሴቶች ገዳማት፣ በክብራን ገብርኤል ወይም በዳጋ እስጢፋኖስ ስላሉ የብራና መጻሕፍትና ሥዕላት የሚጽፉ ደግሞ ገዳሙ ፎቶ ማንሣት ሲፈቅድ በዓለም ሁሉ በነጻ መሰራጨትንም መፍቀዱን አይገምቱ፤ መጋቢውን ወይም አበ ምኔቱን እንደገና መጠየቅ ተገቢ ነው። ካልተፈቀደ ሥዕሉን አውጥተው ጽሑፉን ብቻ ያስገቡ። ከዓሣ አስጋሪዎችና ከገበሬዎች ጋር የተደረገ ቃለ ምልልስም ስም፣ ቀበሌና ስልክ ቁጥር ይዞ በአባሪው ውስጥ እንዳይቀር ይፈትሹ፤ በመደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ማንም ያላየው አባሪ በኢንተርኔት ላይ ሁሉም ያየዋል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ማስገባትና መመዝገብ

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ጭምር፣ የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር ዲስፔስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በኤምአይቲና በኤችፒ ትብብር የወጣ ነጻ ሶፍትዌር ነው። በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በኩል የመግቢያ መለያ ከተሰጠዎ በኋላ ጽሑፉ የሚገባበትን ክፍል መርጠው ሜታዳታ የሚባለውን መግለጫ ይሞላሉ። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ለእኛ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ።

አንደኛው ስም ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራሳችንና የአባታችን ስም ነው። በአብዛኛው የሚደረገው የአባትን ስም በዚያ ሣጥን ማስገባት ነው፤ ዋናው ግን በሁሉም ጽሑፎችዎ አንድ ዓይነት አጻጻፍ መጠበቅ ነው። በላቲን ፊደል አንዱ ስም ሦስት ዓይነት ተጽፎ የአንድ ሰው ሥራ የሦስት ሰዎች መስሎ ሲታይ ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረውን ኦርኪድ የተባለ ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ በነጻ ያውጡና በየቅጹ ያስገቡት።

ሁለተኛው ዓመት ነው። በ2006 ዓ.ም. የተሠራ የእምቦጭ ጥናት በቅጹ ላይ 2006 ተብሎ ቢመዘገብ፣ አረሙ ታየ ከተባለበት ዓመት አምስት ዓመት ቀድሞ የተጠና ይመስላል። የማከማቻው የቀን ሣጥን የሚያውቀው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ነው፤ በሽፋኑ ላይ ያለውን ዓመተ ምሕረት በማስታወሻ ሣጥኑ ይጻፉት።

ሦስተኛው ቁልፍ ቃል ነው። «ዓሣ» ብሎ የፈለገ «አሳ»ን አያገኝም፤ «ባሕር ዳር» ያለም «ባህር ዳር» የሚለው ያመልጠዋል። የቋንቋ መምህር ቢቆጣም በቁልፍ ቃላቱ ውስጥ ሁለቱንም አጻጻፍ ያስገቡ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም አጭር የአማርኛ ማጠቃለያ ይጨምሩበት፤ ከወረዳው የሚፈልገው ሰው የሚጽፈው «እምቦጭ» ብሎ እንጂ የአረሙን ሳይንሳዊ ስም አይደለም።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ፈቃዱን መምረጥ

አሳታሚው አስቀድሞ ፈቃዱን ወስኖ ከሆነ እርሱን ብቻ ያስገቡ። ምርጫው የእርስዎ ከሆነ፣ ለምሳሌ በመመረቂያ ጽሑፍ ወይም በፕሪፕሪንት ላይ፣ ከክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች አንዱን ይምረጡ። ሲሲ ባይ የሚባለው ማንም ስምዎን እስከጠቀሰ ድረስ እንዲጠቀም፣ እንዲተረጉምና እንዲያሻሽል ይፈቅዳል። ንግድን የሚከለክል አለ፤ ማሻሻልን የሚከለክልም አለ። ይህ የመጨረሻው ለጥንቃቄ የተሻለ መስሏቸው ብዙዎች ይመርጡታል፤ ነገር ግን ትርጉምም እንደ ማሻሻል ስለሚቆጠር ጽሑፉን ወደ አማርኛ መልሶ ለገበሬ ማሠልጠኛ ማሰራጨት የሚፈልግ ሰው መጥቶ ሊያስፈቅድዎ ይገባል። ለጣና ዙሪያ ጥናት ሲሲ ባይን እመክራለሁ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ሁለተኛ ቤት

ጽሑፉን በአንድ ቦታ ብቻ አይተዉት። በ2019 እ.ኤ.አ. በወቅቱ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የወጣው አገር አቀፍ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ውጤት ናድሬ በተባለው ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻና ባለበትም በተቋሙ ማከማቻ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ጽሑፉን የሚደግፍ የውኃ መለኪያ ሠንጠረዥ ወይም የዓሣ ቆጠራ መረጃ ካለዎት የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ተቋም ሰርን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስተዳድረው ዜኖዶ በነጻ ይቀበላል፤ ለእያንዳንዱ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይት ቦታና የራሱን ዲኦአይ ይሰጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ያየ ሰው አንድ ቅጂ ከአገር ውጭ ባለ ሰርቨር፣ አንድ ቅጂ በቢሮ ባለ ሃርድ ዲስክ የማኖርን ጥቅም ማስረዳት አያስፈልገውም። ሪሰርችጌትና መሰል ገጾች ግን ለመተዋወቂያ ካልሆኑ በስተቀር ማከማቻ አይደሉም።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ መከፈቱን ማረጋገጥ

ጽሑፉ ከገባ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በጉግል ስኮላር ርዕሱን ይፈልጉ፤ በቀኝ በኩል የፒዲኤፍ ማያያዣ መታየት አለበት። ማያያዣውንም በጥናቱ ለተባበሩት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ለዓሣ አስጋሪዎች ማኅበርና ለክልሉ የግብርና ምርምር ባለሙያዎች ይላኩ፤ የሚላከው ፋይሉ ሳይሆን ቋሚ አድራሻው ይሁን። የእገዳ ጊዜ ከነበረው የሚያበቃበትን ቀን በስልክዎ ካላንደር መዝግበው በማግሥቱ ይፈትሹት። ፍተሻውን በፔዳ ወይም በፖሊ ግቢ ዋይፋይ አያድርጉት፤ የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ የተዘጋውንም ጽሑፍ በደንበኝነቱ ምክንያት ከፍቶ ሊያሳይዎ ይችላል። ከግቢ ወጥተው፣ በስልክ ዳታ፣ የግል መለያዎን ዘግተው ሲሞክሩት ከተከፈተ ለፎገራው ባለሙያም ተከፍቷል።